የውሃ ጥናት ገንዘብ ክረምቱን አይዝለል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ላይ የጽሕፈትና የጥራዝ ሱቅ አለኝ። ከሳይንስ ግቢው በር በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ፣ ሳትም፣ ስጠርዝ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ስለ ባሕር ብዙ ይጻፋል፣ ብዙም ይወራል። የእኔ ደብዳቤ ግን ስለ ባሕር በር አይደለም። ባሕርንና ሐይቅን ስለሚያጠኑ ልጆች ነው። ገንዘቡን ከየት ያገኛሉ? መቼ ይደርሳቸዋል? ያጠኑትስ ማን ዘንድ ይደርሳል?

ጥራዝ ቤት ሁሉም ነገር ያልፍበታል። ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ እኔ ጋ ነው። በጀቱ ሲቀነስ፣ ሲሰረዝ፣ እንደገና ሲደመር እኔ ጋ ነው። መጨረሻ ላይ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ፣ ጀርባው ላይ የተማሪው ስም በወርቅማ ቀለም ተጽፎ የሚወጣውም ከእኔ እጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቅጂ ይጠረዛል። አንዱ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለአማካሪው፣ አንዱ ለፈታኙ፣ አንዱ ደግሞ ቤት ይወሰዳል፤ እናት ቡፌው ላይ ታስቀምጠዋለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ስለ ዓሣ የተጻፈ ስንት ቴሲስ ጠርዣለሁ፤ ለዓሣ አጥማጁ ተብሎ የተጠረዘ ስድስተኛ ቅጂ ግን አይቼ አላውቅም።

ይህ ነገር ያለ ምክንያት አይደለም የሚቆረቁረኝ። ወንድሜ ዓሣ አጥማጅ ነው። የጉማራ ወንዝ ጣና ውስጥ ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ ነው የሚኖረው። አባታችንም አጥማጅ ነበር፤ የደንገል ታንኳውን ራሱ አስሮ ራሱ የሚቀዝፍ። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ መጣሁ፣ እሱ እዚያው ቀረ። ከአራት ኪሎ ሆኜ ስለ ጣና የተጻፈ ነገር ስተይብ የማነበው እንደ ሌላ ሰው ሥራ አይደለም።

በዚያ ንባብ ያወቅሁትን ነገር ላካፍላችሁ። እኛ አገር ቤት ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ዓሣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወደ አሥራ አምስት የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው። እዚያው ጣና ውስጥ ተለያይተው የተፈጠሩ፣ ሌላ የትም የማይገኙ። አንዱ ዓሣ ይበላል፣ አንዱ ጭቃ ሥር ይለቅማል፣ አንዱ ድንጋይ ዳር ይውላል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ እንዲህ ያለ ሀብት ነበረው፤ የዚያኛው ዓሦች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የቀረው የእኛው ነው። ከነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዝ ሽቅብ ይሄዳሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሐይቁ ላይ ከገባ ወዲህ፣ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ተለመደ። ሽቅብ የምትወጣዋ ዓሣ ደግሞ ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ነው። ቁጥራቸው ክፉኛ መቀነሱን ተመራማሪዎች ከመዘገቡት ቆይቷል።

ይህ የጣና ሰው ብቻ ጉዳይ እንዳይመስለን። ሁዳዴ ሲገባ ፒያሳ ያሉትን ዓሣ ቤቶች ማየት ነው። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው፤ እኔ ራሴ አልበላም። የሚበላው ሰው ግን ብዙ ነው። ጉላሹም፣ ለብለቡም፣ ፊሌቶውም የሚመጣው ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከሐዋሳ ነው። እኛ እዚህ ወረፋ ስንይዝ እዚያ የመረቡ ዓይን ይጠብባል።

አሁን ወደ አንዲት ልጅ ልመልሳችሁ። ስሟን አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳትም። በ2009 ዓ.ም. የማስተርስ ተማሪ ነበረች። ጥናቷ የወንድሜ ሐይቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ማታ ዝናብ ሲጥል ሱቄ ገብታ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ የትንሽ ሰሃን ስፋት ያለው ክብ ብረት አለ። እንደ ዳቦ ለአራት ተከፍሎ ሁለቱ እጅ ጥቁር፣ ሁለቱ እጅ ነጭ ተቀብቷል። መሃሉ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ላይ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቀይ ክር።

«ምንድነው ልጄ?» አልኳት።

«ሴኪ ዲስክ ነው እትዬ። ውሃው ምን ያህል እንደጠራ መለኪያ።»

ወደ ውሃው ቀስ ብለው ያወርዱታል። ነጩና ጥቁሩ አልለይ ብሎ ከዓይን የሚጠፋበት ላይ ክሩን ይቆጥራሉ። ውሃው ከደፈረሰ ቶሎ ይጠፋል። የተዘጋጀውን ከውጭ ለማስመጣት ዶላር ይጠይቃል፤ እሷ ብየዳ ቤት ሄዳ አስቆርጣ፣ ቀለሙን ራሷ ቀብታ ሠራችው። ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ሳቀ። «አባባ እኮ ይህንን በቀርከሃ ዘንጉ ነበር የሚያደርገው» አለኝ። እውነቱን ነው። አባቴ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ሲሰድ ጫፉ የት ላይ እንደሚጠፋ እያየ ነበር መረብ የሚጥልበትን ቦታ የሚመርጠው። ልጅቷ ይህን ስነግራት ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

የዚህች ልጅ ጥናት ዋናው ሥራ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ዓሣዋ ሽቅብ የምትወጣው ያኔ ነዋ። ገንዘቡስ? የአገራችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ግን ተጀመረ ማለት ገንዘቡ እጅ ገባ ማለት አይደለም። ይታወጃል፣ ይደለደላል፣ ይፈረማል፣ ግዢ ይወጣል። በሐምሌ ስትጠይቅ «አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም» ተባለች። በነሐሴም ያው። ገንዘቡ በጥቅምት ተለቀቀ። በጥቅምት ዓሣው ተመልሶ ሐይቅ ገብቷል። ወንዙም ጎድሏል። አንድ ክረምት እንዲሁ አለፋት። ለሚቀጥለው ክረምት እንድታቆየው ስትጠይቅ ደግሞ «እስከ ሰኔ 30 ካልተጠቀምሽበት ተመላሽ ነው» አሏት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ያለቀሰችው። ሻይ አስመጣሁላት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ ወዲህ ትኩረት ሰጥቼ ማየት ጀመርኩ። የሷ ዕድል ብቻ አልነበረም። ስለ ጎርፍ ደለል የሚያጠና፣ ስለ እንቦጭ የሚያጠና፣ ስለ ዓሣ እርባታ የሚያጠና ሁሉ ያችኑ የሐምሌ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። አገሩ ውሃ የሚሞላው ካዝናው ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ የሒሳብ ሰው የሚያስበው በሒሳብ መዝጊያው ነው። ዓሣዋ ግን ሰኔ 30ን አታውቅም።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ ደግሞ በብር የተያዙት ትንንሽ በጀቶች ከመንፈቅ ባነሰ ጊዜ በግማሽ ተሸራረፉ። የላቦራቶሪ ኬሚካልና መለኪያ ከውጭ ነው የሚመጣው። በዚያ ዓመት ከበጀት ሠንጠረዥ ላይ የሰረዝኩትን መስመር ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ገንዘብ ከሌላ ቦታ አይገኝም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይገኛል። ግን ለእኛ ልጆች በሩ ጠባብ ነው፤ ምክንያቱም የድጎማ ጥሪው ሲወጣ «ባሕር» ይላል፣ «ጠረፍ» ይላል። መቀመጫው ዛንዚባር የሆነ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የባሕር ሳይንስ ማኅበር አለ። ለተመራማሪዎች ድጎማ ይሰጣል። አንድ ተማሪ ሱቄ ኮምፒዩተር ላይ የአገሮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበበው። ኬንያ አለች፣ ሶማሊያ አለች፣ ታንዛኒያ አለች። እኛ የለንም። አይፈረድባቸውም፣ ገንዘቡ ለዚያ ባሕር የተመደበ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ከ2021 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የውቅያኖስ ሳይንስ አሥርት ዓመት ብሎ ሰይሞታል። በዚህ ስም የሚወጣውም ጥሪ አብዛኛው ጨው ውሃ ላይ ነው። ራፎርድ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ለተፈጥሮ ጥበቃ ትንንሽ ድጎማ ይሰጣል፤ እሱ ሐይቅም ይሁን ጫካ አይለይም። ኦስትሪያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ኢትዮጵያውያንን በሐይቅ ሳይንስ አስተምራለች። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ሐይቅ ከሚያስተምሩት መካከል በዚያ በኩል ያለፉ አሉ። ለውለታቸው አመሰግናለሁ። ግን የአንድ አገር ሐይቅ ጥናት በሌላ አገር የማመልከቻ ማብቂያ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል?

አንድ ጊዜ ደግሞ የሕግ ተማሪ መጣ። ጥናቱ ባሕር አልባ አገሮች በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ስላላቸው መብት ነው። ስተይብለት ቆም ብዬ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት አንቀጽ ነበር፤ አንቀጽ 254። በባሕር ላይ ሳይንሳዊ ምርምር ሊካሄድ ሲታቀድ፣ ጎረቤት የሆኑ ባሕር አልባ አገሮች እንዲያውቁት ይደረጋል ይላል። ከጠየቁና ከተቻለ ደግሞ እነሱ በሚመርጧቸው ብቁ ባለሙያዎች በኩል ይሳተፋሉ። አገራችን ያንን ስምምነት በ1982 እ.ኤ.አ. ፈርማለች። «ብቁ ባለሙያ» የምትለዋ ቃል ናት ልቤ ላይ የቀረችው። ነገ ቀይ ባሕር ላይ የጥናት መርከብ ቢወጣና «ባለሙያችሁን ላኩ» ብንባል ማንን ነው የምንልከው? ያ ባለሙያ ዛሬ ጣና ላይ፣ ዝዋይ ላይ፣ ጫሞ ላይ በብየዳ ቤት ዲስክ የሚለማመደው ልጅ ነው። ውሃ የማጥናት ሙያ ጨው ሲጨመርበት ከዜሮ አይጀምርም።

ሐይቅና ባሕር በአንድ ቦርሳ ሊያዙ እንደሚችሉ ያወቅሁትም ከተማሪ ነው። አሜሪካኖች በ1966 እ.ኤ.አ. በሕግ ያቋቋሙት ሲ ግራንት የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ዛሬ 34 ቅርንጫፍ አለው። ስሙ ባሕር ይበል እንጂ የነሚሺጋንን፣ የነዊስኮንሲንን ታላላቅ ሐይቆችም ያካትታል። የማዕከላዊው መንግሥት ሁለት እጅ ሲሰጥ አንድ እጁ ከአካባቢው መምጣት አለበት። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ሌላ ነው። ገንዘቡ ለምርምር ብቻ አይሰጥም። አጥማጁ ጋ ወርዶ የሚያስረዳ፣ ከአጥማጁም ጥያቄ ይዞ የሚመለስ ሠራተኛ እዚያው በጀት ውስጥ አለ።

ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከእርሻው ነው፤ እነሱ ላንድ ግራንት ከሚሉት የኮሌጅ ሥርዓት። እሱን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1952 እ.ኤ.አ. ከኦክላሆማው ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲመሠረት በዚያው አምሳል ነው። ማስተማር፣ መመራመር፣ ለገበሬው ማድረስ። ዛሬ ገበሬው ደጃፍ የልማት ሠራተኛ የሚሄደው ከዚያ ዘመን ጀምሮ በተተከለ ሐሳብ ነው። የመሬቱን አመጣን፣ የውሃውን ግን አላመጣንም። እዚያው ኮሌጁ አጠገብ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደረቀ። ለመስኖም ለከተማ መጠጥም ውሃው ተሳበ፣ ደለሉም ሞላው። ጥፋቱን ለኮሌጁ መስጠቴ አይደለም። ዝናብ ሲጠነክር ውሃው ተመልሶ ታይቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በዚያ ዳር ለሚኖረው ሰው፣ ውሃው በየዓመቱ ስንት እንደቀነሰ በራሱ ቋንቋ የሚነግረው፣ እሱንም የሚሰማው ሰው ደመወዝ ተቆርጦለት ቢቀመጥ ኖሮ እላለሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሁለተኛውን ክረምት አማካሪዋ ከኪሱ አበድሯት፣ ወንድሜም ቤት አርፋ ሠራች። በ2011 ሰኔ ላይ ጨረሰች። ሲጠረዝ ሙጫው እስኪደርቅ እየጠበቅን «ወንድሜ ይህን ማየት ይፈልጋል» አልኳት። «እንግሊዝኛ ነው እኮ እትዬ» አለች። «ታዲያ አንድ ገጽ በአማርኛ እናውጣ» አልኩ። እሺ አለች።

ከባድ ነበር። ሙሉ ቴሲስ የጻፈች ልጅ አንድ ገጽ አማርኛ ሦስት ማታ ፈጀባት። «የመራቢያ ፍልሰት» ብላ ጻፈች። ለወንድሜ ደወልኩና አነበብኩለት።

«ምን ማለት ነው እታለም?»

«ሽቅብ መውጣቷ።»

«እህ! እንዲያ በሉን እንጂ። እሱማ ሐምሌ ነው።»

ሰረዝነው፤ «ሽቅብ ስትወጣ» ብለን ጻፍን። ሌላም ሌላም እንዲሁ። በመጨረሻ ዓሣዋን በእርሳስ ሣለቻት፤ ሆዷን ከፍታ እንቁላሉን አሳየች። ከሥሩ በትልቁ የትኞቹ ወራት፣ ከወንዝ አፍ ምን ያህል ርቆ መረብ መጣል እንደሚሻል። 200 ቅጂ አወጣሁ። በወቅቱ ዋጋ ከነወረቀቱ 300 ብር አልሞላም። በአውቶቡስ ላክነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሜ ደወለ። በአጥማጆቹ ስብሰባ ላይ ዲያቆኑ ጮክ ብሎ አንብቦታል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ይህን እኛም እናውቃለን፣ አባቶቻችንም ያውቁ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቼ ምን ይብሉ? ለእሱስ ወረቀት አላቸው?» አሉ። ሌላው ደግሞ መረብ የሚዘረጋው የአገሬው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ተናገረ። ተከራከሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ አለኝ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። አንድ ቴሲስ ሙሉ ጽፋ ያልደረሰችበት ጥያቄ ነው የተነሣው። ሁለቱን ወር ሌላ ምን ይሠራል? ማካካሻ ይሁን? ዓሣ ማድረቅ ይሁን? ኩሬ ይሁን? ተመልሳ ሄዳ እንደገና ልታወያያቸው ፈለገች። ለዚያ የሚሆን ብር አልነበረም። መጀመሪያ ፕሮፖዛሉ ላይ «ውጤቱን ለአጥማጆች ማስረዳት፣ ሁለት ጉዞ» የሚል መስመር ነበረበት። እኔው ነኝ የተየብኩት። ከአንድ ቢሮ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ጎኑ ላይ «አያስፈልግም» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ያንን መስመር ከኮምፒዩተሩ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሰው ሲያውቅ እኮ ይሰጣል። እንቦጭን አስታውሱ። ተመራማሪዎች ጣና ላይ ያዩት በ2003 እና 2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። አብዛኛው ሕዝብ የሰማው ግን ከዓመታት በኋላ፣ አረሙ ዳር ዳሩን ከሸፈነው ወዲያ ነው። በሰማ ጊዜ ምን አደረገ? ገንዘብ አዋጣ። ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ከእኔ ሱቅ እንኳን የጎረቤት ሊስትሮ ሳይቀር ሰጥቷል። ወሬው አረሙ ገና እፍኝ በነበረበት ጊዜ ደርሶን ቢሆን ኖሮ?

እንግዲህ የምለምነው ይህንን ነው። የምርምር ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ የውሃ ጥናት በጀት ሰኔ 30ን ተሻግሮ መሄድ ይቻለው። ሁለት ወይም ሦስት ክረምት የሚይዝ ይሁን። አጥኚው ሐምሌ ላይ መስክ እንዲወጣ ገንዘቡ ግንቦት ላይ እጁ ይግባ። ከአሥር ብር አንዱ ደግሞ ውጤቱን ለአጥማጁ መልሶ ለማድረሻ ይቀመጥ። ጣና ዳር በአማርኛ፣ ዝዋይ ዳር በኦሮምኛ፣ ሐዋሳ ዳር በሲዳምኛ። ወረቀት ማንበብ ለማይችል በሬዲዮ ይሁን፤ አጥማጅ ማታ ማታ ሬዲዮ አይለየውም። ያንን መስመር በቀይ የሚሰርዝ እጅ አይኑር።

የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው ቢያንስ 1 በመቶውን ለምርምር ሊያውሉ ተስማምተዋል። እኔ ከዚያ ውስጥ ለውሃ ስንት ይድረሰው ብዬ የመቁጠር አቅሙ የለኝም። ግን የኅብረቱ መቀመጫ ከሱቄ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ወደ መስቀል አደባባይ ስወርድ በደጁ የማልፈው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ አህጉሩ የውሃ ሀብት ኢኮኖሚ ባሳተመው መመሪያ ሐይቅና ወንዝን ከባሕር ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠረው። እነዚህ ቤቶች ከእኛው መሃል ከተማ ናቸው። በእነሱ በኩል የሚያልፍ የባሕርና የጠረፍ ገንዘብ ጥሪ ሲወጣ «ሐይቅ» የምትል አንዲት ቃል እንድትጨመር የሚከራከር ሰው ከእኛ ወገን ይላክ። ልጆቻችን ይህን ያህል ተምረው ዝርዝር ውስጥ አገራቸውን አጥተው ኮምፒዩተር ሲዘጉ ማየት ያማል።

ሌላው ቀላል ነገር ነው። ጥሪዎቹ የሚወጡበት ቀን በአንድ ቦታ ይለጠፍ። ሰበታ ያለው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ቢሆን፣ የሙያ ማኅበሩ ቢሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቢሆኑ ግድ የለኝም። አሁን ልጆቹ የሚሰሙት ከጓደኛ ጓደኛ ነው። አንዱ ሲሰማ ማብቂያው ነገ ማታ ይሆናል። ስንቱን ሌሊት መብራት እስኪጠፋ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብያለሁ።

የልጅቷ ዲስክ አሁንም ሱቄ ውስጥ፣ ከማተሚያው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሥራ ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ «ለሚቀጥለው ተማሪ ስጪልኝ እትዬ» ብላኝ ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ አራት ልጆች ወስደው መልሰውታል። ነጩ ቀለም ትንሽ ተላልጧል፣ ለመስቀል አስቀባዋለሁ።

እኔም ከአቅሜ አንድ ነገር ልበል። ሐይቅ ወይም ወንዝ ያጠና ማንኛውም ተማሪ፣ ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ አጥማጁ በሚናገረው ቋንቋ ጽፎ ከመጣ 200 ቅጂ በነፃ አትምለታለሁ። ወረቀቱም ቀለሙም በእኔ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥቶ የጥራዝ ቤቷን ሴትዮ ብሎ ቢጠይቅ ያሳዩታል። ዘንድሮ ሽቅብ ከመውጣቷ በፊት ይድረስ ከተባለ ግን ከሰኔ አጋማሽ በፊት ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥራዝ ሱቅ ባለቤት፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ